የኪራይ ጽጌረዳ

ባለፈው ጥር የእህቴ ልጅ ተድራ ነበርና፣ አጎት እንደመሆኔ ከፊት ካሉት ጠረጴዛዎች በአንዱ ተቀመጥኩ። ሙዚቃው ስለማያስወራ ሥራ ፈትቼ አዳራሹን ማንበብ ጀመርኩ። ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው ይኼ አመል አይለቀውም። ከሙሽሮቹ ጀርባ ግድግዳው ሙሉ ነጭ ጽጌረዳ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ አየሁት። አንድም እምቡጥ የለበትም፤ አንድም ፈክቶ ሊረግፍ የደረሰ የለበትም። ሁሉም እኩል ተከፍተው፣ እኩል ነጥተው ወደ ካሜራው ዞረዋል። አንድ ቅጽል ብቻ የሚያውቅ ደራሲ የጻፈው ገጽ ይመስላል። ጠጋ ብዬ ብነካው ጣቴ ላይ አቧራ ቀረ።

ፕላስቲክ ነው፤ ያውም የኪራይ። ከኛ በፊት ስንት ሙሽራ አጅቦ እንደመጣ እሱ ይወቅ።

«ታዲያ ምን አለበት?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ርካሽ ነው፣ አይጠወልግም፣ ፎቶ ላይስ ማን ይለየዋል? ደግሞ ለአውሮፓ የምንልከው ጽጌረዳም ቢሆን ረጅም መንገድ እንዲችል ሲዳቀል ኖሮ አብዛኛው ሽታውን አጥቷል፤ ስለ መዓዛ አፋችንን ሞልተን መናገር አንችልም። በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥለን ሁለተኛ አበባ ላኪ ሆነን ሳለ፣ ስሟ አበባ በሆነ ከተማ ልጆቻችንን በፕላስቲክ መዳራችን ያስቃል። ይኼን ያህሉን ግን ማንም ይለዋል። የኔ ጭንቅ ሌላ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ያ ግድግዳ የቀድሞ ተማሪዬ አበባ ሊሆን ነበር።

ይህች ልጅ ማስተማሩን ትታ ሆለታ አካባቢ ግማሽ ሄክታር በማይሞላ መሬት ላይ ጽጌረዳ፣ ካርኔሽንና ጂፕሶፊላ ታመርታለች፤ የሰርግ አዳራሽም ራሷ ታስውባለች። አንድ ቀን እርሻዋ ወስዳ ሒሳቡን አስረዳችኝ። ጽጌረዳ ዛሬ ከተቆረጠ ከዚያው ግንድ ሌላ አበባ የሚደርሰው በሁለት ወር ገደማ ነው፤ የደጋ ብርድ ከጠናበት ከዚያም ይዘገያል። ትልልቆቹ እርሻዎች ለፈረንጆቹ ቫለንታይን አስልተው ይቆርጣሉ፤ ፌብሩዋሪ 14 ደግሞ ቀኑን አይቀይርባቸውም። እሷስ? የኦርቶዶክሱ ሰርግ ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም ባለችው ጠባብ ጊዜ ይጨናነቃል፤ ከዚያ 55 ቀን ጭጭ፤ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ እንደገና ጎርፍ ነው። አበባው ግን አይጾምም፤ መጋቢትም ላይ ያብባል። ለጥር ሰርግ ኅዳር ላይ መቁረጥ አለባት። ኅዳር ላይ ቀብድ ብትጠይቅ «ገና አዳራሽ እንኳ አልያዝንም» ይሏታል። ስለዚህ የሰው ቃል አምና ትቆርጣለች። «የሙስሊሙና የፕሮቴስታንቱ ሰርግ ባይኖር ዘግቼ ነበር መምህር» አለችኝ። የማይቋረጠው ደንበኛዋ ለቅሶ ነው፤ የአበባ ጉንጉን። ሐዘን ወቅት አይመርጥም።

ለእህቴ ልጅ 800 ነጭ ጽጌረዳ አዘዝናት። አዘዝናት ስል ኮሚቴው ነው፤ ያገናኘኋቸው እኔ ነኝ። ቀብድ አልሰጠንም፤ «ያንተ ተማሪ አይደለች እንዴ?» ተባለ። ሰርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው የዲኮሩ ሰውዬ አርቲፊሻል አበባ በፓኬጁ ውስጥ በነጻ እንዳለ ነገረን። ለናሙና የላከችልንን እቅፍ አበባ ከሱ ፕላስቲክ ጎን አስቀምጠን ተሰበሰብን። አንዱ ሚዜ አገላብጦ አየና «የሷ ንጹሕ ነጭ አይደለም፤ ዳር ዳሩ አረንጓዴ ይላል» አለ።

እዚህ ላይ ነው መነሳት የነበረብኝ። ነጭ ጽጌረዳ'ኮ የውጪው ቅጠሉ አረንጓዴ ሊል ይችላል፤ መልኩ ነው! ፕላስቲኩ የአበባን መልክ መኮረጁ አልበቃ ብሎ መለኪያው ሆነና አበባው በፕላስቲክ ተለክቶ ወደቀ። ይኼን ለማለት የ20 ዓመት መምህርነት አያስፈልግም ነበር። እኔ ግን ሰዓቱ መሽቶ ነበር፣ እህቴም ወጪው አሳስቧት ታየኝ፣ ብቻ ምን አለፋችሁ፣ ከሁሉም ጋር እጄን አወጣሁ። ደውልላት የተባልኩትም እኔ ነኝ።

አልጮኸችም። «ግማሹን ዛሬ ንጋት ላይ ቆርጬ ውሃ ውስጥ አቁሜዋለሁ» አለች። ዝም አልኩ። «ይሁን መምህር» ብላ ዘጋችው። በኋላ እንደሰማሁት የተቆረጠው በዚያው ሳምንት ለሁለት ቀብር ሄደ፤ የቀረው ግንዱ ላይ ረገፈ።

ዘንድሮ ቤታችን ሰርግ በሰርግ ነው፤ የሙሽራዋ ወንድም ከፋሲካ በኋላ ያገባል። ባለፈው ሰኞ እንደምንም ደፍሬ ደወልኩላት። ሰላምታዋ መልካም ነው። ዋጋውን ነገረችኝ፤ ግማሹ በቅድሚያ፣ ውሉ በጽሑፍ፣ እስከ መጪው ማክሰኞ ካልተከፈለ ግንዱን ለዚያ ቀን አልቆርጥም አለች። በንግግራችን መሐል አንድም ጊዜ «መምህር» አላለችኝም።

ኮሚቴው እሁድ ይሰበሰባል። የዲኮሩ ሰውዬም ተጠርቷል።