ድሮን አዳራሽ ሲገባ

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ሠርግ የምንቀርጽ ኢትዮጵያውያን ድሮን የምናስነሣው ጣሪያ ሥር ነው። ወደን አይደለም። በሬገን ብሔራዊ አውሮፕላን ማረፊያ ዙሪያ እስከ 15 ማይል ርቀት ያለው ሰማይ ያለ ልዩ ፈቃድ ለድሮን ዝግ ነው፤ አበሻ በብዛት የሚኖርባቸው አሌክሳንድሪያና ሲልቨር ስፕሪንግም እዚያው ክብ ውስጥ ናቸው። ሙሽሮች ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ከላይ ልቅረጻቸው የሚል ሰው ፈቃዱን ካልያዘ ሕግ ጥሶ ነው የሚቀርጸው። የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ሥልጣን ግን የአዳራሹ በር ላይ ያበቃል። ከበሩ ወዲህ የሚፈቅዱትም የሚከለክሉትም ደጋሹና የአዳራሹ ባለቤት ናቸው።

ሕግ የለቀቀው ይህ ቦታ ግን ከሰማዩ ይልቅ አስቸጋሪ ነው። የጂፒኤስ ምልክት ጣሪያና ግድግዳ አልፎ በወጉ አይደርስም። ስለዚህ ድሮኗ ባለችበት ጸንታ የምትቆመው በሆዷ በኩል ባለች ትንሽ ካሜራ ወለሉን እያየች ነው። የሚያብረቀርቅ እብነ በረድ፣ በየቅጽበቱ ቀለሙን የሚቀያይር የዲጄ መብራት፣ ሙሽሮች ሊገቡ ሲሉ የሚወርደው ጨለማ፣ ሁሉም ዓይኗን ያሳስቱታል፤ ሳትታዘዝ ትንሸራተታለች። በሕንጻው ውስጥ የተቀበረው ብረት ኮምፓሷን ያዛባል። ወደ ጣሪያው ስትጠጋ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ፕሮፔለሮቹ አየር የሚስቡት ከላይ ነውና መግቢያው ሲጠብ በጣሪያውና በድሮኗ መካከል ያለው ግፊት ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ወደ ላይ ትሳባለች። ግድግዳ አጠገብም የራሷ ነፋስ ተመልሶ ይንጣታል።

እንዲህ ባለ ቦታ ደጋግማ የምትበር ድሮን፣ አብራሪዋ ማንም ይሁን ማን፣ አንድ ቀን የሆነ ነገር መንካቷ አይቀርም። ለዚህ ሥራ መሣሪያ ስመርጥ ቀድሜ የምጠይቀው ስትነካ ምን ይሆናል ብዬ ነው። የምስሉ ጥራት፣ የባትሪው ቆይታ፣ ዋጋው፣ ሁሉም ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። የፕሮፔለር መከላከያ፣ በእኛ በቀራጮቹ አነጋገር ጋርድ፣ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። ሙሉ መልስ ግን አይደለም፤ ሙያው ያለው ጉድለቱን ማወቁ ላይ ነው።

ትንሽ ፕሮፔለር በመጠኗ ታዘናጋለች። የ3 ኢንች ፕሮፔለር ጫፍ በአንድ ዙር 24 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል። በደቂቃ 20,000 ጊዜ ስትዞር የጫፉ ፍጥነት በሰዓት ወደ 290 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ፕላስቲክ በዚያ ፍጥነት ቆዳ ይቀድዳል፤ ዓይን ላይ ያረፈ እንደሆነ ጉዳቱ አይመለስም። እ.ኤ.አ. በ2015 በእንግሊዝ አገር አንዲት ድሮን ዛፍ ነክታ መንገዷን ስትስት አንድ ሕፃን ዓይኑን አጥቷል። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ዘፋኙ ኤንሪኬ ኢግሌሲያስ በሜክሲኮዋ የቲኋና ከተማ መድረክ ላይ ሳለ የምትቀርጸውን ድሮን በእጁ ሲይዝ ጣቶቹ ክፉኛ ተቆርጠው ለቀዶ ሕክምና በቅቷል። እንግሊዝ ውስጥ ድሮኗ ወደ ሰው ሄደች፤ ቲኋና ላይ ሰው ወደ ድሮኗ ሄደ። ለሠርግ ቀራጭ የሚያሰጋው ሁለተኛው ነው። ድሮን ዝቅ ብላ ስትመጣ ሕፃን ሊይዛት ይዘላል፣ ሞቅ ያለው ጎረምሳ መዳፉን ያነሣል፣ እናት ልጇን ለመከላከል ክንዷን ትዘረጋለች።

ቤት ውስጥና ውጭ መብረር የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን አምራቾቹ ገና ከጅምሩ ያውቁ ነበር። ፓሮት የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2010 ኤአር ድሮንን ሲያወጣ ሁለት ቅርፊት አብሮ ሰጥቷል። የውጩ ሲገጠም ክብደቷ 380 ግራም፣ ፕሮፔለሮቹን በፎም የሚከብበው የቤት ውስጡ ሲገጠም 420 ግራም ነበር። 40 ግራም የሰው ጣት ማትረፊያ ሆና ተከፈለች ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የመጡት ዓይነቶች ሁሉ ያችን ክፍያ ለማሳነስ የተደረጉ ሙከራዎች ናቸው።

ዛሬ ገበያ ላይ ያሉትን በሦስት እከፍላቸዋለሁ። የመጀመሪያው በፕሮፔለሩ ውጫዊ ጎን ብቻ የሚዞር ቅስት ነው፤ 80 ግራም የምትመዝነው ቴሎ ይዛው የምትመጣው ይህን ነው። ግድግዳ ላይ ስትጋጭ ያድናታል፤ ከላይና ከታች ግን ክፍት ስለሆነ ጣት ይገባል። ሁለተኛው ከላይም ከታችም ፍርግርግ ያለው ሙሉ መከለያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣችውና 135 ግራም የምትመዝነው ዲጄአይ ኒዮ ለዚህ ምሳሌ ትሆናለች። ሦስተኛው ዳክት የሚባለው ወፈር ያለ ቀለበት ነው። መዳፍ ላይ የምትቀመጠው፣ ከሞተር ሞተር በሰያፍ 65 ሚሊ ሜትር የሆነችው ታይኒ ሁፕም፣ 377 ግራም የሆነችው ዲጄአይ አቫታ 2ም የተሠሩት በዚህ ዘዴ ነው። ዳክት በትክክል ሲሠራ ከመከላከል አልፎ ያግዛል፤ በፕሮፔለሩ ጫፍና በቀለበቱ መካከል ያለው ክፍተት ሲጠብ ከጫፉ የሚያመልጠው አየር ይቀንሳል፣ የቀለበቱ አፍ ክብ ተደርጎ ከተቀረጸም የማንሣት አቅሙ ይጨምራል። ክፍተቱ ሰፊ የሆነ ርካሽ ቀለበት ግን ሸክም ብቻ ነው።

የትኛውንም ጋርድ ከመግዛቴ በፊት ሁለት ነገር እፈትሻለሁ። ሞተሩ ጠፍቶ ባትሪው ወጥቶ ሳለ ቀለበቱን በአውራ ጣቴ ወደ ፕሮፔለሩ እገፋዋለሁ። ታጥፎ ከነካው ያ ጋርድ አይሆነኝም፤ በመጀመሪያው ግጭት ፕሮፔለሩን የሚሰብረው ራሱ ነው። ቀጥሎ ሞተሩ እየዞረ፣ ድሮኗን በጠረጴዛ ማሰሪያ አጥብቄ፣ መነጽር አድርጌ፣ በረጅም ዱላ ጫፍ የታሰረ ካሮት ወደ ፍርግርጉ እሰድዳለሁ። የሕፃን ጣት የሚያህለው ካሮት ተቆርጦ ከወጣ ጋርዱ ለግድግዳ እንጂ ለሰው አልተሠራም። ካሮቱ ጫፉ እንኳ ሳይነካ ከተመለሰ ሠርግ ቤት ልወስደው እችላለሁ።

አሁን ወደ ጉድለቱ። ጋርድ ጣትን እንጂ ጨርቅን አይመልስም። ፕሮፔለር አየር ከላይ ይስባል፤ የሙሽራ ቬሎ፣ የነጠላ ዘርፍ፣ የተለቀቀ ፀጉር ከአየሩ ጋር በፍርግርጉ ቀዳዳ ይገባል። የሐበሻ ሠርግ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ጨርቅ ነው፤ መጋረጃው፣ የመድረኩ ሻሽ፣ የእናቶች ነጠላ። ስለዚህ ከሙሽራዋ ጀርባና ከራሷ በላይ አላበርም፤ ምስሉ ያማረ እንደሚሆን እያወቅሁም አላበርም።

ሁለተኛው ጉድለት ክብደት ነው። ጋርድ ምላጩን ይሸፍናል፤ የምትወድቀውን ድሮን ግን አያቀልልም፣ እንዲያውም ይጨምርባታል። ከ3 ሜትር ከፍታ የወደቀች የ377 ግራም ድሮን መሬት ስትደርስ የምትይዘው ጉልበት ከ80 ግራሟ ወደ አምስት እጥፍ ይጠጋል። የሰው አናት ላይ ከሆነ ልዩነቱ በመደንገጥና በመጎዳት መካከል ያለው ነው። አዳራሹ በሰው ሲሞላ ትልቋን ድሮን ወደ ሻንጣዋ የምመልሳት፣ ጋርድ ቢኖራትም፣ በዚህ ምክንያት ነው።

የአሜሪካው ደንብ ቤት ውስጥ አይግባ እንጂ ሁለቱን ነገሮች አጣምሮ ማየቱ ጥሩ መለኪያ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ ላይ የዋለው ከሰው በላይ የመብረር ደንብ ለዝቅተኛው የአደጋ ምድብ ሁለት ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጣል፤ ድሮኗ የተሸከመችው ሁሉ ተደምሮ ከ250 ግራም እንዳትበልጥ፣ የሰው ቆዳ ሊቆርጥ የሚችል ያልተሸፈነ ተሽከርካሪ ክፍልም እንዳይኖራት። አሁን 249 ግራም ተብላ የምትሸጠውን ዲጄአይ ሚኒ እንይ። ያለ ጋርድ በክብደቱ ታልፋለች፣ በምላጩ ትወድቃለች። ጋርድ ሲገጠምላት ምላጩን ታልፋለች፣ በክብደቱ ትወድቃለች። ከዚህ የምረዳው ጋርድ በኋላ የሚለጠፍ ነገር መሆን እንደሌለበት ነው። ለአዳራሽ የሚሆነው ሲፈጠር ጀምሮ ከነጋርዱ የታሰበ ትንሽ ድሮን ነው።

ቀሪው የአብራሪው ድርሻ ነው። እንግዳ ከመግባቱ በፊት አዳራሹ ባዶ ሳለ ጌጡን፣ ኬኩን፣ የመድረኩን አበባ ከላይ ቀርጬ እጨርሳለሁ፤ የቪዲዮው ግማሽ ውበት ያኔ ይሰበሰባል። ከሙሽራዋ እናት ጋርም ያኔ እነጋገራለሁ። ብዙዎቹ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ልጄ፣ ይሄ ነገር እንግዶቼን አይቆርጥብኝም?» እኔም ጋርዱን አሳይቼ፣ «እትዬ፣ ጣት አያስገባም፤ ቢሆንም ልጆቹን አይንኩ ይበሉልኝ» እላለሁ። የእናት ትእዛዝ ከእኔ ማስጠንቀቂያ በላይ ይሰማል። ሙሽሮች ሲገቡ ረዳቴ ከድሮኗ ሥር እየሄደ ልጆችን ይጠብቃል። እስክስታ ሲሞቅ ግን አሳርፋታለሁ። ሚዜዎች ሙሽራውን ትከሻ ላይ ባወጡት ቅጽበት ባዶ የነበረው ከፍታ በሰው ይሞላል፤ በእልልታና በከበሮ መካከል ደግሞ የፕሮፔለር ድምፅ ሰምቶ ዘወር የሚል የለም።

ድሮኗ አንድ ነገር ነክታ ከተያዘች ወዲያው ሞተር አጠፋለሁ። የጀማሪ እጅ በዚያች ቅጽበት ላላቅቃት ብሎ ኃይል ይጨምራል፤ የታነቀ ሞተር ግን ከልክ ያለፈ ኤሌክትሪክ ስቦ ራሱን ወይም መቆጣጠሪያውን ያቃጥላል፣ ጨርቁንም ይበልጥ ይጠመጥማል። ከግጭት በኋላ ቀለበቱን ሥሩ ላይ፣ ብሎኑ በሚገባበት በኩል፣ ስንጥቅ እፈልግበታለሁ። የተሰነጠቀ ጋርድ ከሌለው ይብሳል፤ አለኝ ብለህ ትተማመናለህና።

ጋርድ የሚያስከፍለውን መደበቅ አልፈልግም። አምራቹ ለኒዮ የሚሰጠው የበረራ ጊዜ ያለ ጋርድ 18፣ ከነጋርዱ 17 ደቂቃ ነው። ድምፁ ይጨምራል፤ ሽማግሌ ሲመርቅ ድሮን ማስነሣት ነውር የሚሆንበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው። ሰፊ ሌንስ ላይ የቀለበቱ ጠርዝ በምስሉ ጥግ ሊታይ ይችላል። ከቤት ውጭ ደግሞ ነፋስ ይይዘዋል፤ ሜዳ ላይ ባወልቀው አልፈረድም። አንዳንድ የሙያ ጓደኞቼ ከዚህ ተነሥተው ጋርድ የጀማሪ ነው ይላሉ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 በሚኒያፖሊስ የቦውሊንግ ቤት ውስጥ ጄ ክርስተንሰን ባንድ ትንፋሽ የቀረጸውንና ዓለም የተደነቀበትን ቪዲዮ ይመልከቱ። በሰዎች መካከል እየሾለከች ያለፈችው ያች ድሮን ሲኒሁፕ የሚባል ባለ ጋርድ ዓይነት ነበረች። ጥበበኛው ጋርዱን ሳያወልቅ ነው የተጠበበው።

አብራሪ ለራሱ ጣት ቢደፍር የራሱ ጉዳይ ነው። እንግዳው ግን ሊበላ፣ ሊጨፍርና ሊመርቅ እንጂ በበረራ ሙከራ ሊካፈል አልመጣም፤ ፈቃዱንም የጠየቀው የለም። ስለዚህ ጋርድ ይደረግ አይደረግ የሚለው በቀራጩ ምርጫ የሚወሰን አይደለም። ጋርድ ካልወለቀ አይመጣም የሚባል ምስል ካለ፣ ይቅር። ደጋሾችም ቪዲዮ ቀራጭ ስትቀጥሩ ከዋጋው ጋር ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ድሮንህ ስንት ግራም ትመዝናለች፣ ጋርዷን አሳየን፣ እስክስታ ሲጀመር የት ታደርጋታለህ? ለሦስቱም ቶሎ መልስ የማይሰጥ ባለሙያ ካሜራውን ብቻ ይዞ ይምጣ።