በረራውና ዳገቱ፦ ስለ አንድ ፊልም አጭር ሂስ

እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. ናካሽና ቶሌዳኖ ያዘጋጁት «አንቱሻብል» የተባለው የፈረንሳይ ፊልም መሠረቱ እውነተኛ ታሪክ ነው። ፊሊፕ ፖዞ ዲ ቦርጎ የተባለው ሰው በ1993 በፓራግላይዲንግ፣ ማለት በጨርቅ ክንፍ ከተራራ ሲንሳፈፍ ወድቆ፣ ከአንገቱ በታች መንቀሳቀስ ተሳነው። በፊልሙ ውስጥ ይኸው ሰው ተመልሶ ይበርራል። ፊልሙ የጣለውን ስፖርት እንዲሸሽ ስላላደረገው፣ ለፈቃዱም ክብር ስለ ሰጠ እናመሰግናለን።

ነቀፌታችን የሚከተለው ነው። ትዕይንቱ በረዳቱ በድሪስ ፍርሃት ሲያስቀን የበረራውን ድካም በአጭሩ ያልፈዋል። መሮጥ የማይችል ሰው ለመነሣት ጎማ ያለው ቀላል መቀመጫ፣ ከኋላው ሆኖ ክንፉን የሚመራ አብራሪና የሚገፉ እጆች ያስፈልጉታል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን አፋፉ ላይ መድረስ አለበት። የፊልሙ ፊሊፕ ባለጸጋ በመሆኑ ይህ ጥያቄ ተሸፍኗል።

በይርጋጨፌ ዳገት ላደግን ለእኛ ጥያቄው የሚጀምረው ከዚሁ ነው። የኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ተሽከርካሪ ወንበር የሚጠቀሙ ሰዎች ወደ ሕዝብ መገልገያ ሕንፃ የሚገቡበት መንገድ እንዲኖር አዝዞ ነበር። ነገር ግን አዋጁ የሕንፃ ነው፤ ዝናብ ሲዘንብ የሚያንሸራትተው የቀይ አፈር ዳገት ሌላ ሥራ ይጠይቃል። ስለዚህ ፊልሙ በረራውን እንዳሳየን አወጣጡንም ቢያሳየን ኖሮ ለእኛ አገር ተመልካች ይበልጥ በጠቀመ ነበር ብለን እናምናለን።