የተጠና መልስና የሚለካ ችሎታ

በእንግሊዝ አገር አንድ ሐኪም ከሕክምና ትምህርት ቤት ወጥቶ የሁለት ዓመት መሠረታዊ ሥልጠናውን ከፈጸመ በኋላ፣ በቀዶ ሕክምናም ሆነ በሌላ የስፔሻሊስት ዘርፍ ለመሠልጠን መወዳደር ይኖርበታል። እ.ኤ.አ. በ2025 ለ10,000 ያህል ቦታዎች 30,000 ገደማ ሐኪሞች አመልክተዋል። በብዙዎቹ ዘርፎች ውጤቱን ከሚወስኑት አንዱ በደቂቃዎች የሚለካ ቃለ መጠይቅ በመሆኑ፣ በክፍያ የሚያለማምዱ ድርጅቶች መበራከታቸው አያስደንቅም። ሊመረመር የሚገባው የሚያስተምሩት ነገር ነው።

«አለቃህ የሆነው ስፔሻሊስት ሰክሮ ወደ ሥራ ቢመጣ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው የታወቀ ጥያቄ ሁነኛ ምሳሌ ይሆናል። ሠልጣኙ መልሱን በቅደም ተከተል ያጠናዋል፤ ነገሩን ማጣራት፣ የበሽተኛውን ደኅንነት ማስጠበቅ፣ በራስ አቅም የሚቻለውን ማድረግ፣ ለበላይ ማሳወቅ፣ በመጨረሻም ባልደረባውን መደገፍ። ቅደም ተከተሉ በራሱ ስሕተት የለበትም፤ እንዲያውም መልካም የሥራ መመሪያ ነው። ችግሩ ፈታኙም ነጥብ የሚሰጠው ይህንኑ በመሰለ ዝርዝር መሆኑ ነው። ስለዚህ ነጥቡ አለቃውን ለመጋፈጥ የሚደፍረውን ሐኪም ከማይደፍረው ሳይሆን፣ ዝርዝሩን የሰማውን ካልሰማው ይለያል። ያለፉ ዓመታት የፈተና ወረቀቶችን ብቻ ሲያጠና የከረመ ተማሪ ያጋጠመው መምህር ነገሩን አያጣውም።

ወጥ የሆነ ጥያቄና የነጥብ መስጫ ያለው ቃለ መጠይቅ፣ ጠያቂው እንደ ወደደ ከሚመራው ጭውውት የተሻለ መመዘኛ መሆኑ በጥናት ታውቋል። ሆኖም ወጥነቱ ራሱ ለሸምዳጅ ያመቻል። እ.ኤ.አ. በ2007 እዚያው አገር የተሞከረው የኮምፒዩተር ማመልከቻ፣ ለሥራ ታሪክ ከሚገባው ያነሰ፣ በ150 ቃላት ለሚጻፉ አጫጭር መልሶች ግን ትልቅ ክብደት ሰጥቶ ነበር። በሺህ የሚቆጠሩ ሐኪሞች ለንደን ላይ ሰልፍ ወጡ፤ አሠራሩም በዚያው ዓመት ተተወ።

በአለማማጆቹ ላይ የሚሰነዘረው ነቀፋ ግን ልክ ሊኖረው ይገባል። በኢትዮጵያ ተምሮ እዚያ የሚወዳደር ሐኪም፣ ራስን ማወደስ እንደ ነውር በሚቆጠርበት ባህል ያደገ ነውና «ሠራን፣ አደረግን» ማለት ይቀናዋል። ነጥብ የሚያስገኘው ደግሞ «እኔ ይህን አደረግሁ» የሚለው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ልምምዱ ያልተጻፈውን ደንብ ያሳውቀዋል። ነገር ግን ይህን ደንብ ለሁሉም በነጻ መግለጽ የፈታኙ ክፍል ግዴታ እንጂ የነጋዴ ሸቀጥ መሆን አልነበረበትም። ከዚህም ጋር መርማሪ ተከታይ ጥያቄ ሊታከል ይገባል፤ ለምሳሌ የሰከረው አለቃ ለዚሁ ውድድር የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍልህ ሰው ቢሆንስ የሚል።