ድካም እንደ ገጸ ባሕርይ አሳሳል ስልት፤ «ፕሮጀክት ዞምቦይድ» በተሰኘው የኮምፒውተር ጨዋታ

የእንግሊዙ ደራሲና ሃያሲ ኢ. ኤም. ፎርስተር እ.ኤ.አ. በ1927 በታተመው «አስፔክትስ ኦቭ ዘ ኖቭል» በተሰኘው መጽሐፉ የሰው ልጅ ሕይወት ዐበይት እውነታዎች አምስት ናቸው ይላል፤ መወለድ፣ መብላት፣ መተኛት፣ ማፍቀርና መሞት። ልቦለድ ለፍቅርና ለሞት የሚሰጠውን ሰፊ ቦታ ለእንቅልፍ እንደማይሰጥም ይጠቁማል። ነገሩ ለማንኛችንም እንግዳ አይደለም። ባነበብናቸው ልቦለዶች ውስጥ ገጸ ባሕርያትን ተኝተው የምናገኛቸው ሕልም እንዲያዩ፣ በሕመም እንዲወድቁ፣ ወይም እነሱ በተኙበት ሌላው የሚያደርገውን እንዲያደርግ ሲፈለግ ነው። ከዚህ ውጭ ደራሲው «በማግሥቱ» ብሎ ሌሊቱን ይዘለዋል። ድካምም የእንቅልፍ ዕጣ ይደርሰዋል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ሦስት ቀን ተጉዞ፣ ተዋግቶ፣ ተሟግቶ ሲያበቃ ደክሞት እንደሆነ የሚጠይቀው አይገኝም።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ይህን ዝላይ በቀላሉ የማይፈቅድ አንድ የትረካ ዓይነት ነው። «ፕሮጀክት ዞምቦይድ» የተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ መነሻው ብሪታንያ በሆነው «ዚ ኢንዲ ስቶን» በተሰኘ ቡድን የተሠራ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ለሕዝብ መቅረብ ጀምሮ፣ ከ2013 ወዲህ ደግሞ «ስቲም» በተባለው መሸጫ በኩል ገና ያላለቀ ሥራ ተብሎ እየተሸጠም እየተሻሻለም የቆየ ነው። መቼቱ እ.ኤ.አ. በጁላይ 1993 በአሜሪካ የኬንታኪ ግዛት ነው፤ ዌስት ፖይንትንና ሉዊቪልን የመሳሰሉ በእውን ያሉ ከተሞች ከፈጠራ ከተሞች ጋር ተቀላቅለውበታል። በሽታ አካባቢውን አጥቅቶ ሕዝቡ ወደ ዞምቢነት፣ ማለትም ሞቶ ወደሚንቀሳቀስ ሬሳነት ተለውጧል። ተጫዋቹ የሚመራው ከተረፉት አንዱን ነው።

የኮምፒውተር ጨዋታ በሥነ ጽሑፍ መጽሔት ላይ ምን ይሠራል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ገጸ ባሕርይ፣ መቼት፣ ግጭትና ጊዜ ያለው ነገር ሁሉ ለሃያሲ ሥራ አያጣም ብሎ ማለፉ ይበቃል። በተለይ ይህኛው ጨዋታ ሲጀመር በስክሪኑ ላይ የሚወጣው ጽሑፍ ለተጫዋቹ የሚነግረው፣ ታሪኩ እሱ እንዴት እንደሞተ የሚተርክ መሆኑን ነው። ፍጻሜው ከመነሻው ታውቋል። ስለዚህ ልብ ሰቀላው «ይተርፋል ወይስ አይተርፍም» ከሚለው ወጥቶ «በምን በኩል ይዳከማል» ወደሚለው ይዛወራል።

አንድ ተራ ቀን እንውሰድ። ገጸ ባሕርዩ ምግብ ሊፈልግ ከተጠለለበት ቤት ይወጣል። ባዶ ከቀሩት ቤቶች የታሸገ ምግብ፣ መዶሻ፣ ምስማር፣ ይጠቅም ይሆናል ያለውን ሁሉ እየለቀመ በቦርሳው ያጭቃል። ሸክሙ ሲበዛ እርምጃው ይከብዳል። መንገድ ላይ ሦስት ዞምቢዎች ይገጥሙትና ዱላውን ይሰነዝራል፤ የመጀመሪያዎቹ ምቶች ይጥላሉ፣ ኋለኞቹ ግን ይለግማሉ። በስክሪኑ ጠርዝ ላይ አንዲት ትንሽ ምልክት ብቅ ትላለች፤ ለፍቷል ማለት ነው። ሲሸሽ ትንፋሹ ያጥረዋል። እንደ ምንም ቤት ይደርሳል። አልጋ አለ፤ ነገር ግን ቁስሉ ስለሚጠዘጥዘው፣ ወይም ድንጋጤው ገና ስላልበረደለት፣ እንቅልፍ እምቢ ይለዋል። የሕመም ማስታገሻ ከሌለው ለመተኛት ሲል እንደገና መውጣት ሊኖርበት ነው። ሳይተኛ ያነጋና በማግሥቱ ይወጣል። አሁን የዕይታው ክልል ጠቧል፤ ስክሪኑ ራሱ ከዳር ወደ መሐል ይጨልማል፤ ከጎኑ የመጣውን ሳያይ ይነከሳል።

የገደለው ዞምቢው ነው ማለት ይቻላል። የምክንያትና ውጤቱን ሰንሰለት ወደ ኋላ ስንከተል ግን የምንደርሰው ትናንት ከሰዓት በኋላ አንሥቶ ቦርሳው ውስጥ በጨመረው መዶሻ ላይ ነው። ይህ እንግዲህ ሴራ ነው። ደራሲ በብዙ ድካም የሚገነባውን፣ ትንሽ የምትመስል ድርጊት ዘግይታ ፍጻሜውን የምትወስንበትን ትስስር፣ ጨዋታው በሸክም፣ በትንፋሽና በእንቅልፍ ሕግ ብቻ ያስገኘዋል። ተጫዋቹ ይህን ዘግይቶ ነው የሚረዳው። ብዙ የሞተ ተጫዋች ስለ አገዳደል ስልት ከመጨነቅ ይልቅ መቼ ቁጭ ብዬ ልረፍ፣ ምን ልጣል፣ ስንት ሰዓት ላይ ልመለስ እያለ ማሰብ ይጀምራል። ድካምን ማስተዳደር የሚሉት ይህን ነው።

እዚህ ላይ ቋንቋችን የሚያግዘን ነገር አለ። ጨዋታው ሁለት ዓይነት ድካም ለይቶ ያስቀምጣል፤ ሁለቱም ባለ አራት ደረጃ ናቸው። አንደኛው ከሩጫ፣ ከድብድብና ከሸክም የሚመጣ ልፋት ሲሆን ቁጭ ብሎ በማረፍ ይለቃል። ሁለተኛው ነቅቶ ከመቆየት የሚመጣ ነው፤ ቡናና የቪታሚን ክኒን ለጊዜው ያቀሉታል፣ በወጉ የሚያወጣው ግን እንቅልፍ ነው። በአማርኛ ለሁለቱም «ደከመኝ» እንላለን። መለየት ስንሻ ለአንደኛው «ዛልኩ»፣ ለሌላው «እንቅልፌ መጣ» ማለት አያቅተንም። «ደከመኝ» በሚለው ግሥ ውስጥ ግን ሰውየው ባለቤት አይደለም፤ ተሳቢ ነው። ራበኝ፣ ጠማኝ፣ አመመኝ፣ ታከተኝ እንደዚሁ ናቸው። እንቅልፍም ሰውን ይወስደዋል እንጂ ሰው እንቅልፍን አይወስደውም። የዞምቦይድ ምልክቶች በገጸ ባሕርዩ ላይ የሚወርዱት በዚሁ አኳኋን ነው፤ እሱ አያደርጋቸውም፣ ያደርጉታል። ሆኖም ከስክሪኑ ወዲህ ማዶ ያለው ተጫዋች ባለቤት ሆኖ ድካምን ሊቆጥብ፣ ሊመድብ፣ ሊያዘገይ ይነሣል። ድካም የሚደርስበት አንዱ፣ ድካምን የሚያስተዳድረው ሌላው። ጨዋታው ጥሩ በሆነበት ሰዓት ሁለቱ ይዋሐዳሉ፤ ተጫዋቹም «ደከመው» ማለቱን ትቶ ሳይታወቀው «ደከመኝ» ይላል። በደከመበት ሰዓት ደግሞ ገጸ ባሕርዩ አጋሰስ ሆኖ ይቀራል፤ ስንት ኪሎ እንደሚችል ብቻ የሚታሰብለት።

ድካም በዚህ ጨዋታ ውስጥ ሌላ፣ ከዚህ የጠለቀ ሥራም አለው። ባላጋራው አይደክምም። የዞምቢ አፈ ታሪክ ምንጩ ሄይቲ ነው፤ በሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ በባርነት የተቀጠቀጡ ሰዎች ልጆች የፈሩት ዞምቢ ሰው የሚበላ ጭራቅ አልነበረም። ሞቶም ከሥራ ያልተገላገለ፣ ከመቃብር ተነሥቶ ለሌላ ሰው የሚለፋ አካል ነበር። ዊልያም ሲብሩክ እ.ኤ.አ. በ1929 ባሳተመው «ዘ ማጂክ አይላንድ» በተሰኘው የጉዞ መጽሐፉ ይህን እምነት ለአሜሪካ አንባቢ አስተዋወቀ፤ በ1932 የወጣው «ዋይት ዞምቢ» የተባለው ፊልምም ዞምቢዎችን የስኳር መፍጫ ሲያዞሩ ያሳያል። ጆርጅ ሮሜሮ በ1968 «ናይት ኦቭ ዘ ሊቪንግ ዴድ» በተሰኘው ፊልሙ ሙታኑን ሥጋ በሎች አደረጋቸው። ከዚያ ወዲህ ሥራው ተረስቶ አለመድከሙ ብቻ ቀረ።

በአማርኛ «ዐረፈ» ስንል ሥራውን አቁሞ ተቀመጠ ማለትም፣ ሞተ ማለትም ሊሆን ይችላል። ሄይቲዎች የፈሩት እነዚህ ሁለት ትርጉሞች የተለያዩበትን ሰው ነው፤ ሞቶ ያላረፈውን። በዚህ ዓይን ሲታይ የዞምቦይድ ግጭት በሕያውና በሙት መካከል ነው ከማለት፣ ማረፍ በሚያስፈልገውና ማረፍ በተነፈገው መካከል ነው ማለት ይሻላል። ጠርዙ ላይ የምትወጣው የድካም ምልክት ለተጫዋቹ የምታበሳጭ ማነቆ ብትሆንም፣ ገጸ ባሕርዩ ገና ሰው ለመሆኑ ጨዋታው የሚሰጠው ዋና ማስረጃ እሷ ናት። ድካምን ፈጽሞ ያጠፋ ተጫዋች ቢገኝ መሪው አድርጎ የያዘው ዞምቢ ነው።

ይህ ከሆነ ገጸ ባሕርዩ ምን ያህል ተስሏል? በመጀመሪያ ሲታይ ከንቱ ነው። ያለፈ ታሪክ የለውም፣ የሚናገረው ንግግር የለውም፣ የሚወደው ሰው የለውም። ጨዋታው ሲጀመር ተጫዋቹ የባሕርይ መለያዎችን ይመርጥለታል፤ ከእነዚህም ውስጥ እንቅልፋምነት፣ እንቅልፉ የሚቆራረጥበት መሆን፣ ወይም በጥቂት እንቅልፍ የሚበቃው መሆን ይገኙበታል። ጉድለት የመረጠ ነጥብ ያገኝና በነጥቡ መልካም ጠባይ ይገዛል። በዚህ አሠራር እንቅልፋምነት የሰው ጠባይ መሆኑ ቀርቶ የመገበያያ ሳንቲም ይሆናል፤ አሳሳሉ እዚህ ላይ ደካማ መሆኑን መደበቅ አይገባም። ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ግን ሳንቲሙ መልሶ ሥጋ ይለብሳል። እንቅልፋም የተደረገው ሰው ከሌላው ቀድሞ ቤቱ መግባት ይኖርበታል፤ ሩቅ መንደር አይደፍርም፤ ስለዚህ ቅርብ ያለውን ቀድሞ ይጨርሳል፤ ስለዚህ ቀድሞ ይርበዋል። ኑሮው ከእንቅልፉ የተነሣ ልዩ ይሆናል። ፎርስተር ዝርግና ሙሉ ገጸ ባሕርያትን ሲለይ ሙሉው አሳማኝ በሆነ መንገድ ሊያስገርመን የሚችለው ነው ይላል። የዞምቦይድ ሰው በነፍሱ ዝርግ ነው፤ አካሉ ግን ያስገርማል። አእምሮው ባዶ፣ ጉልበቱ ሙሉ ታሪክ ያለው ገጸ ባሕርይ በልቦለድ ውስጥ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ጉድለቱም እዚያው ላይ ነው። በጨዋታው ሕግ ድካም የሚነካው ክንድን፣ እግርንና ዓይንን ነው። የደከመ ሰው ግን ከሁሉ በፊት ፍርዱ ይዛባል፤ በሩን መዝጋቱን ይረሳል፣ በማያስቆጣ ነገር ይቆጣል፣ ነገ የሚጸጸትበትን ይወስናል። ገጸ ባሕርዩ ይህን ማድረግ አይችልም፤ ውሳኔው ሁሉ ያለው ሶፋው ላይ ተደላድሎ በተቀመጠው ተጫዋች ዘንድ ነውና። ሕልሙም አይታይም። ሲተኛ ስክሪኑ ይጨልምና ሰዓቱ ይፈጥናል። ልቦለድን በዝላይ የከሰስንበት ጉዳይ እዚህም በሌላ በር ገባ ማለት ነው።

በአማርኛ ተረት የደከመ መንገደኛ ሲመሽበት ደጅ ቆሞ የእግዜር እንግዳ ነኝ ይላል፤ ቤት የእግዚአብሔር ነው ተብሎም ይገባል። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚወሳሰበው ከዚያ ወዲያ ነው። ድካም ሰውን ከሰው ያገናኛል። ብቻውን ለሚንከራተተው የዞምቦይድ ሰው ደጅ የሚከፍትለት የለም። በዚህ ረገድ ወደ ተረቱ የሚቀርበው «አንዴድ ላብስ» የተባለው የአሜሪካ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው «ስቴት ኦቭ ዲኬይ» የተሰኘው ጨዋታ ነው። እዚያ ተጫዋቹ የሚመራው አንድ ሰው ሳይሆን በአንድ መጠለያ የተሰባሰቡ ሰዎችን ነው። ከመካከላቸው አንዱ ብዙ ሲሠራ ዋለ እንበል፤ ሊኖረው የሚችለው የጉልበት ጣሪያ እየዝቅ ይሄዳል። ተጫዋቹ ወደ መጠለያው መልሶት፣ እሱ አልጋው ላይ ሲያርፍ ከሌላ አባል ጋር ይወጣል። እንግዲህ ዋናው ገጸ ባሕርይ የሚለዋወጠው በደራሲ ፈቃድ ሳይሆን በድካም ምክንያት ነው። የሞተውም አይመለስም። ትናንት በሥራ የወደድነውን ሰው ዛሬ አልጋ ላይ ተጋድሞ ስናልፈው የሚሰማን ስሜት በሌላው ጨዋታ የለም። በአንጻሩ ድካሙ ራሱ በቅርብ አይታይም፤ ሊቀረፍ የሚችል ነገር ስለሆነ ተጫዋቹ በቶሎ ያመልጠዋል።

ዞምቦይድ ከሌሎች ጋር ተሰባስበው ሊጫወቱት የሚችሉት ጨዋታም ነው። የሚያሳዝነው እዚህ ላይ ነው፤ ለኅብረት ጨዋታ በተለመደው አቀማመጥ መተኛት አይፈቀድም፣ የእንቅልፍ ድካምም ተነሥቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አንዱ ሲተኛ የሌላውን ሰዓት ማፍጠን አይቻልም። ይሁን እንጂ አንዱ ተኝቶ ሌላው የሚጠብቅበት፣ የጠባቂው ዓይን እየከበደ «ቀስቅሰው ወይስ ትንሽ ይተኛ» ብሎ የሚያመነታበት ትዕይንት ሊገኝ የሚችለው ሰዎች በተሰባሰቡበት ብቻ ነበር። ሥራው የያዘውን ምርጥ መሣሪያ በጣም በሚያስፈልግበት ቦታ ጥሎታል። ቅንብሩን ቀይረው እንቅልፍን የሚመልሱ አሉ፤ ያኔ ግን ሌሊቱን ለማሳለፍ ሁሉም አብረው መተኛት ይጠበቅባቸዋል፣ ጥበቃው መልሶ ይጠፋል።

አንድ ነገር ቀረ። ጨዋታው ለመሰልቸት ምልክት አለው፣ ለሐዘንም አለው። «ታከተኝ» ለሚለው ግን ምልክት የለውም። መታከት ከልፋትም ከእንቅልፍም የተለየ፣ ሰው ያንኑ ነገር ደግሞ ደጋግሞ ሲያበቃ የሚይዘው ነው፤ አልጋ አያወጣውም። ገጸ ባሕርዩ መቶኛውን ቤት ሲበረብር እንደ መጀመሪያው ቤት ይበረብራል። የሚታክተው ተጫዋቹ ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ዓይኑ ቀልቶ፣ የሰውየውን ድካም ከራሱ መለየት አቅቶት፣ ጨዋታውን ባለበት አቁሞ ኮምፒውተሩን ይዘጋና ይተኛል። በማግሥቱ አርፎ ተመልሶ ሲከፍተው ሰውየው ትናንት የቆመበት ጓዳ ውስጥ እንደቆመ ነው፤ ምልክቷም ጠርዙ ላይ በዚያው ደረጃዋ ላይ አለች።