ዱቤ መስጠት ሙያ ነው

የእህቴ ልጅ በቅርቡ ኮዬ ፈቼ ኮንዶሚኒየም ሱቅ ከፍቶ፣ እኔም ባለሱቅ ነኝና፣ «ጋሼ፣ ዱቤ ልስጥ ወይስ አልስጥ?» ሲል ጠየቀኝ። ጓደኞቹ «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ» የሚል ወረቀት ለጥፍ ብለውታል። ያን ወረቀት ባየሁ ቁጥር እበሳጫለሁ። ደንበኛው ገና ሳይገባ «አላምንህም» ብሎ በር ላይ መጻፍ ምን የሚሉት ንግድ ነው? የሰፈር ሱቅ በዋጋም በዕቃ ብዛትም ሱፐርማርኬትን አይችለውም። የሚችለው ሰውን በማወቅ ብቻ ነው።

በዱቤ ከሰርን የሚሉትን ብዙ አይቻለሁ። ያከሰራቸው መስጠቱ ሳይሆን አሰጣጡ ነው። ዱቤ የደመወዝ ቀን ታይቶ ይሰጣል፣ በደመወዝ ቀን ይዘጋል። የመንግሥት ሠራተኛው ወር ሲያልቅ፣ የግንባታ ሠራተኛው ብዙውን ጊዜ በየ15 ቀኑ ይከፈለዋል፤ ሁለቱን በአንድ ቀጠሮ የያዘ ባለሱቅ አንዱን ያጣል። ያለፈው ገጽ ሳይዘጋ አዲስ ገጽ አይከፈትም። ሰውየው ቢያኮርፍም አይከፈትም።

ጳጉሜንን ግን ለብቻዋ እዩዋት። ደመወዝ የሚከፈለው ለ12 ወር ነው። የነሐሴን የተቀበለ ሰው ለመስከረም መጨረሻ 35 ቀን ይቀረዋል፤ ዘንድሮ ጳጉሜን 6 ከሆነች 36። በዚያ መሀል እንቁጣጣሽ አለ፣ የልጆች ደብተርና ዩኒፎርም አለ፣ መስከረም 17 መስቀል አለ። በዚህ ወቅት «አልከፈለኝም» ብሎ ደንበኛውን የሚያባርር ሰው የቀን መቁጠሪያ አላነበበም። እኔ ከነሐሴ ጀምሮ ገንዘብ እይዝና የመስከረሙን ሒሳብ በጥቅምት ለሁለት ከፍዬ እቀበላለሁ።

ዘይትና ስኳር ግን እጅ በእጅ። እዚህ ላይ ማንም አያሸንፈኝም። ባለ 5 ሊትር ዘይት በ1000 ብር ገዝተህ በ1030 ሸጥክ እንበል። አንዷ ጀሪካን ሳትከፈል ከቀረች የእሷን ዋና ለመመለስ 34 ጀሪካን መሸጥ አለብህ። ደግሞም ዋጋው አይጠብቅህም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በሐምሌ መጀመሪያ ዘይት በዱቤ የሰጠ ባለሱቅ ብሩን ሳይጎድል ተቀብሎ እንኳ ያንኑ ዕቃ ከጅምላ ሱቅ ማምጣት አልቻለም። ለዕለት ወጥ የምትሆን ትንሽ ዘይት ለተቸገረ አልከለክልም፤ ጀሪካን ነው የማልሰጠው።

ደብተሩ ሁለት ይሁን፤ አንዱ ሱቅ፣ አንዱ ደንበኛው ቤት። ሁለቱም ላይ ፊት ለፊት ይጻፋል። ልጅ ያለ ደብተር ተልኮ ከመጣ ዳቦም አይሰጠው፤ ልጁ ለራሱ የወሰደው ብስኩት የሚታወቀው ወር ሲያልቅ ነው፣ ጸቡም ያኔ ነው የሚመጣው። አንዲት ደንበኛዬ ይህን ደብተር የቤቷ ሒሳብ አድርጋው ነበር። ባሏ «አስቤዛው የት ገባ?» ሲላት ደብተሩን አውጥታ ከጨው እስከ ሻማ አነበበችለት፤ በወሩ የቤት ወጪ ጨመረላት። እሱም ቢሆን ከዚያ በኋላ ደብተሩን ራሱ ይዞ ይመጣ ጀመር።

አሁን ስልክ ላይ ብድር ስላለ የሱቅ ዱቤ አብቅቶለታል የሚሉ አሉ። ቴሌብር በ2013 ከመጣ ወዲህ መሰብሰቡ ቀሎልኛል፣ አመሰግነዋለሁ። ነገር ግን ስልኩ የሚያየው የገባና የወጣ ብር ነው። ደንበኛዬ አባቷ ሞተው ሐዘን ላይ መሆኗን፣ በዚህ ወር የማልጠይቃትም ለዚህ እንደሆነ አያውቅም።

የዱቤ ትክክለኛ ፈተና የመጣብኝ በ2016 ሰፈራችን ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ነው። ሱቄም ደንበኞቼም እዚያ ነበሩ። ሰዉ በየአቅጣጫው ሲበተን ደብተሬ ሙሉ ነበር። ወንድሜ «በል ቅደደው» አለኝ። አልቀደድኩትም። አዲሱን ቦታዬን አጠያይቀው፣ ታክሲ ቀያይረው መጥተው የከፈሉኝ አሉ። በስልክ የላኩልኝም አሉ። አንድ ሽማግሌ ሒሳባቸውን ዘግተው ለረጅም ሰዓት ተቀምጠው ስለ ጎረቤቶቻችን ሲያወሩኝ ዋሉ፤ ማን የት እንደደረሰ ብዙውን የሰማሁት ከእሳቸው ነው። ያልከፈሉም አሉ፤ ግን ከከፈሉት ያንሳሉ። እኔ ያን ዓመት ሱቅ እንደገና የከፈትኩት በዚያ ገንዘብ ነው። ባንክ አላበደረኝም፤ ማስያዣ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ባለሱቅነቴን ሳስብ ሸቀጡ ሳይሆን እነዚያ ሰዎች ናቸው የሚመጡልኝ።

በየኮንዶሚኒየሙ ሱቅ የምትከፍቱ ወጣቶች፣ መደርደሪያ ከመሙላታችሁ በፊት ጎረቤታችሁ ምን እንደሚሠራና መቼ እንደሚከፈለው እወቁ። ይህን ለማወቅ ጊዜ የሌለው ሰው ዱቤ ባይሰጥ ይሻለዋል፤ የሰፈር ሱቅም ባይከፍት ይሻለዋል።