ስለ አፄ ቴዎድሮስ ድርሰቶችና ስለ ኦርዮ ስም

በአቃቂ በሰቃ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ተቀምጠው ስለ አገር የሚነጋገሩ ሰዎች ንግግራቸውን ብዙ ጊዜ የሚፈጽሙት በአንድ ቃል ነው፤ ይኸውም «ለዚህ አገር የሚያስፈልገው አንድ ቴዎድሮስ ነው» የሚል ነው። ይህን የሚሉት ክፉዎች አይደሉም፤ ልጆቻቸውን በሰላም ለማሳደግና መንገድ ሳይፈሩ ለመሄድ የሚመኙ ሠራተኞችና ነጋዴዎች ናቸው። እኔም ሐሳቡን ከየት እንዳገኙት ብጠይቅ፥ ከታሪክ መጽሐፍ ይልቅ ከልብ ወለድና ከቴአትር መሆኑን አስተዋልሁ። እንግዲህ ነገሩ የድርሰትም ነገር ነውና በዚህ ገጽ ልንመረምረው ይገባናል።

ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «ቴዎድሮስ» የተባለውን ታሪካዊ ቴአትር በ1942 ዓ.ም. አሳተሙ። ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ እንባ»ን በ1958፥ አቤ ጉበኛም «አንድ ለናቱ»ን በ1961 ዓ.ም. አወጡ። ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ስለ እኒሁ ንጉሥ ቴአትር ጽፏል። ደራስያኑ ንጉሡን መውደዳቸው ያለ ምክንያት አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ፥ መሳፍንቱ አገሩን ተከፋፍለው ገበሬውን ሲያስጨንቁት ብዙ ዘመን አልፎ ነበር። እርሳቸው ግን አንድ መንግሥት አሰቡ፤ በጋፋት መድፍ አስፈሰሱ፤ በግዕዝ ይጻፍ የነበረው የነገሥታት ዜና መዋዕልም በአማርኛ የተጻፈው በእርሳቸው ታሪክ ጀምሮ ነው። አማርኛ የሚያነብ ሁሉ ለዚህ ምስጋና አለበት።

ነቀፌታዬ ወዲህ ነው። የሁለቱን ልብ ወለዶች ስም እንመልከት። አንደኛው የንጉሡን እንባ ይነግረናል፤ ሁለተኛው ንጉሡ ለእናታቸው አንድ እንደ ነበሩ ይነግረናል። በእነዚህ ድርሰቶች ሁሉ የኀዘን መስፈሪያው የንጉሡ ልብ ነው። ንጉሡ ሲቀጡ እንኳ አንባቢው የሚያዝነው ለተቀጣው ሳይሆን መቅጣት ግድ ለሆነባቸው ለንጉሡ ነው። በዚህም ምክንያት የሌላው ሰው እንባ ከመጽሐፉ ጠርዝ ውጭ ይቀራል፤ በየገደሉ የወደቀውም ለእናቱ አንድ እንደ ነበረ የሚያስብ አይገኝም።

ታሪኩ ግን የታወቀ ነው። በ1859 ዓ.ም. ጐንደር ከነአብያተ ክርስቲያናቷ ተዘርፋ ተቃጠለች። ንጉሡን ቀብተው ያነገሡት አቡነ ሰላማ በመቅደላ ታስረው በጥቅምት 1860 ዓ.ም. በዚያው ዐረፉ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 2 ቀን ብዙ እስረኞች ተገድለው ወደ መቅደላ ገደል ተጣሉ፤ ያች ዕለት ጌታችን የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበባት ጸሎተ ሐሙስ ነበረች። እንግሊዞች ከመቅደላ ዘርፈው የወሰዷቸውን መጻሕፍት እንዲመልሱ መጠየቃችን የተገባ ነው፤ ከእነዚያ መጻሕፍት ብዙዎቹ ወደ መቅደላ የደረሱት ከጐንደር አብያተ ክርስቲያናት ተነጥቀው መሆኑን ግን የሚያነሣ ጥቂት ነው።

«ዘመኑ ጨካኝ ነበር፤ ያለ ጭካኔም አንድነት አይገኝም» የሚል ይኖራል። ቃሉ እውነት ቢሆን ኖሮ ፍሬው በታየ ነበር። ነገር ግን የእንግሊዝ ጦር ከዙላ ወደብ ተነሥቶ እስከ መቅደላ ያን ሁሉ ተራራ ሲያቋርጥ መንገድ የሚዘጋበት ኢትዮጵያዊ ሠራዊት አልተነሣም። የትግሬው ገዥ ደጃዝማች ካሣ፥ በኋላ አፄ ዮሐንስ የተባሉት፥ አሳለፉት፤ የየአገሩ ሰውም ስንቅና አጋሰስ ሸጠለት። በ1847 በደስታ የተቀበላቸው ሕዝብ በ1860 ብቻቸውን ተዋቸው። ሚያዝያ 6 ቀን በገዛ ሽጉጣቸው የሞቱት ጠላት ስለ በረታ ብቻ አይደለም፤ ክንዳቸውን የፈራ ሕዝብ በመከራቸው ቀን ስላልቆመላቸው ነው። እንግዲህ የምናደንቀው ጭካኔ ያንኑ የምንወደውን ሐሳብ የገደለው ነው። ድርሰቶቹ ይህን ቢያሳዩን የንጉሡ መከራ ይበልጥ ባሳዘነን ነበር።

ይህ የአንባቢ መዝናኛ ብቻ ቢሆን ባልጻፍሁ ነበር። በደርግ ዘመንም የአፄ ቴዎድሮስ ስም ከፍ ብሎ ተነሥቷል። ያ መንግሥት በቀይ ሽብር የስንቱን እናት ልጅ እንዳጠፋ ሁላችን እናውቃለን፤ ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስንም በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ገደለ። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሠራዊታቸውን ትተው ወደ ዚምባብዌ ሸሹ፤ ፍርድ ቤትም በሌሉበት በ1999 ዓ.ም. በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ናቸው አለ። እንዲህም ሆኖ «ቢሆንም አገር ወዳድ ነበሩ» የሚል ዛሬም አይጠፋም። ይህች «ቢሆንም» ከድርሰት የተማርናት ቃል ናት፤ በመጽሐፍ የሞተውን ካልቈጠርን በደጃፋችን የሞተውን መቍጠር እንረሳለን።

ታዲያ ደራሲው ምን ያድርግ? ጀግናን አያመስግንን? ቅዱስ መጽሐፍ መንገዱን አሳይቶናል። ከዳዊት የሚበልጥ የተወደደ ንጉሥ በእስራኤል አልነበረም፤ ጸሐፊው ግን ስለ መዝሙሩና ስለ ድሉ ብሎ ኦርዮን አልደበቀም። ናታንም ዳዊትን የገሠጸው ስለ ጠላው አልነበረም። ይልቁንም ወንጌላዊው ማቴዎስ የጌታችንን የትውልድ ሐረግ ሲጽፍ፥ ሰሎሞን ከማን እንደ ተወለደ ሲናገር የኦርዮን ስም አንሥቷል። በዚያ ክቡር ሐረግ ውስጥ የተበደለው ወታደር ስም ከንጉሡ ስም አጠገብ ይኖራል፤ ዳዊትም ስለዚህ ከክብሩ አልጐደለም።

ስለ አፄ ቴዎድሮስ ብዙ መጻሕፍት አሉን፤ ከጐንደር የተሰደደችውን ባልቴት ወይም በጸሎተ ሐሙስ የሞተውን እስረኛ የታሪኩ ባለቤት ያደረገ መጽሐፍ ግን እስካሁን አላነበብሁም። ከአንባቢዎቻችን መካከል ብዕር ያለው ካለ ይህን ይጻፍልን። ያን ጊዜ በአጥሩ ሥር የሚቀመጡት ወንድሞቻችን አንድ ቴዎድሮስ ሲመኙ፥ አንድ ናታንም አብሮ እንዲመጣ ይለምኑ ይሆናል።