ውዳሴ ለሴሬንጌቲ መንጋ

ሰላም ለእናንተ፣ የሴሬንጌቲ ሠራዊት! ፈረንጅ ዊልደቢስት፣ ስዋሂሊ ኙምቡ ብሎ የሰየማችሁ። ስዋሂሊ በቅሎንም በዚሁ ስም ይጠራታል፤ እኛም በቅሎን በመረሻት አጊጣ፣ መኳንንት ተሸክማ ያየን ሕዝብ ነንና ስማችሁ ለጆሯችን የክብር ስም ነው።

ሰላም ለቀንዳችሁ፣ እንደ ጨረቃ ለጎበጠው። ሰላም ለነጩ ጢማችሁ፣ ነፋስ ለሚያበጥረው። ሰላም ለሰኮናችሁ፣ ማሳዮች ማለቂያ የለሽ ያሉትን ሜዳ እንደ ከበሮ ለሚመታው። ከ1,000,000 በላይ ናችሁ፤ 200,000 የሚያህል የሜዳ አህያ ያጅባችኋል።

እንዲህ ከመብዛታችሁ በፊት ግን አንድ ሐዘን ከእኛ ጋር ተካፍላችኋል። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ከባሕር ማዶ በመጣ ከብት ተሳፍሮ በምፅዋ የገባው የከብት በሽታ የኢትዮጵያን በሬ ፈጀ፣ ቀንበር ያለ ጫንቃ ቀረ፤ ዘመኑም ክፉ ቀን ተባለ። በሽታውን አባቶቻችን ደስታ አሉት፤ በእውነተኛ ስሙ መጥራቱን ፈርተው ይመስለኛል። ያው ደስታ ወደ ደቡብ ወርዶ የማሳይን በረት ባዶ አደረገ፣ እናንተንም አጨደ።

እንግዲህ ሰላም ለከብት ከታቢዎች ሁሉ፣ ከእነርሱም መካከል በኬንያ ሙጉጋ ተቀምጦ ፍቱን ክትባት ላበጀው ለዋልተር ፕሎራይት! መርፌው የተወጋው የእረኛው ላም እንጂ እናንተ አልነበራችሁም፤ ላሟ ስትድን ግን በሽታው ከእናንተም መካከል ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከ300,000 በታች የነበራችሁ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ ሚሊዮን አለፋችሁ። በ2011 ደግሞ ደስታ ከምድረ ገጽ መጥፋቱ ታወጀ።

ሰላም ለየካቲት፣ የልደታችሁ ወር! እሳተ ገሞራ በዘመናት በተፋው አመድ የለማው የደቡቡ አጭር ሣር ጡታችሁን ይሞላል፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ አብዛኞቹ እናቶች ይወልዳሉ። አንበሳና ጅብ ቢከብም ሁሉን በልቶ አይጨርስም፤ ጥጃው በደቂቃዎች ይቆማል፣ ወዲያውም ይሮጣል።

በነሐሴ ከማራ ወንዝ አፋፍ፣ ሞተር አጥፍተን፣ ድምፃችንን ውጠን ጠበቅናችሁ። አቧራው እንደ ዕጣን ጢስ ወጣ። ብዙ ጊዜ ወደ ውኃው ቀርባችሁ ብዙ ጊዜ አፈገፈጋችሁ፤ አዞው እንደ ግንድ ተጋድሟልና። በመጨረሻ አንዷ ዘለለች፣ ሺዎች ተከተሏት። የሰጠሙትም በከንቱ አይቀሩም፤ ሥጋቸው ለአሞራና ለዓሣ፣ አጥንታቸው ለዓመታት ለወንዙ ሲሳይ ነው።

ከሁሉ ኋላ አንዲት እናት ከወዲያኛው ዳር ወደ ውኃው ዞራ ትጣራ ነበር። ሌላው ሁሉ ሣር ፍለጋ ሲሄድ እርሷ አልሄደችም። ሰላም ለጥሪዋ፣ ሰላም ለመቆሟ፣ ሰላም ከጭቃው ውስጥ ተፍገምግሞ ለወጣውና ድምፅዋን ከእልፍ ድምፅ ለይቶ ወደ እቅፏ ለሮጠው ጥጃ።